እጅህን የሚይዝህ የለም

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ሰፈራችን ውስጥ ሽምግልና ተቀመጥኩ። ጉዳዩ የአጥር ነው። አንዲት አሮጊት ጎረቤት አሉን፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፣ ልጆቻቸውም ውጭ አገር ናቸው። ከጎናቸው ያለው ሰው ቤቱን አፍርሶ ፎቅ ሊሠራ ተነሣ። የእማማ ቆርቆሮ አጥር ሁለት ሜትር ወደ ውስጥ ገባ እንዲልለት ፈለገ። እማማ እምቢ አሉ። ሰውየው ገንዘብ አለው፣ ሰው አለው፣ ድምፁም ከፍ ያለ ነው። ነገሩ ሳይከር ይለቅ ተባለና ሦስት ሆነን ለሽምግልና ተመረጥን።

ከሽምግልናው በፊት በነበረው ማታ ሰውየውን በሩ ላይ አገኘሁት። ለብቻችን ነበርን። ላለዝበው ብዬ ብዙ አወራሁት። ወጪው እንዳስጨነቀው፣ ሠራተኞቹ ቆመው እንደሚከፍላቸው ነገረኝ። አዘንኩለትም። ስንለያይ «በል፣ ከእሳቸው ጋር ያለውን አንተው ጨርስ፤ በእኛ በኩል እጅህን የሚይዝህ የለም» አልኩት። እጄን ጨብጦ አመስግኖኝ ገባ።

በማግስቱ ጠዋት ስንሄድ አጥሩ ተነቅሏል። መሠረቱ ተቆፍሮ ኮንክሪት እየተሞላ ነው። «ምን እየሠራህ ነው?» አልኩት። ተገርሞ አየኝ። «ትናንት አንተ ራስህ አይደለህ እንዴ እጅህን የሚይዝህ የለም ያልከኝ?»

ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። «በስምምነት ጨርስ ማለቴ ነው እንጂ!» አልኩ። እማማ አልጮኹም፣ አላለቀሱም። ነጠላቸውን አስተካከሉና «ልጄ፣ ከራስህ ግቢ ቆርሰህ ብትሰጠው ምን ነበረበት?» አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም።

ያን ክረምት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ስለ ጣሊያን ወረራ የተጻፉ መጻሕፍት አነብ ነበር። አንድ ሌሊት ስለ ፈረንሣዩ ፖለቲከኛ ስለ ፒየር ላቫል የሚያወራ ገጽ ላይ ደረስኩ። ኢትዮጵያን ለጣሊያን ቆርሶ ሊሰጥ የነበረው የሆርና የላቫል ስምምነት ሲባል ሁላችንም በትምህርት ቤት ሰምተን አልፈናል። ስሙ እንጂ ሰውየው አልቀረልንም ነበር። የዚያን ሌሊት ግን ሰውየው በሩ ላይ እንደኔ ቆሞ አገኘሁት።

ነጭ ክራቫት ያደረገው ሰው

ላቫልን ከመጀመሪያው ክፉ አድርጎ መሳል ቀላል ነው። መጨረሻውን ስለምናውቅ። ግን የሚያስፈራኝ መጨረሻው አይደለም፤ አጀማመሩ ነው። አጀማመሩ ደግ ነው።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1883 በፈረንሣይ መሀል አገር፣ ኦቬርኝ በሚባለው ተራራማ ክፍል፣ ሻተልዶን በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። አባቱ የመንገደኛ ማረፊያ ነበራቸው። ሥጋም ይሸጣሉ፣ ፖስታም በፈረስ ጋሪ ያመላልሳሉ። ልጁ 12 ዓመት ገደማ ሲሆነው ከትምህርት አውጥተው ጋሪው ላይ አስቀመጡት። እሱ ግን መጽሐፉን አልጣለም። ተመልሶ ተማረ፣ ተማሪ ቤት ውስጥ ተቆጣጣሪ ሆኖ እየሠራ በተፈጥሮ ሳይንስ ዲግሪ ያዘ፣ ከዚያ ሕግ አጥንቶ ፓሪስ ገባ።

ፓሪስ ውስጥ የድሃ ጠበቃ ነበር። ሥራ በማቆማቸው የታሰሩ ሠራተኞችን፣ የማኅበር ሰዎችን ይከራከርላቸው ነበር። በ1914 ኦበርቪሊዬ ከሚባለው የፋብሪካ ሠራተኞች ሰፈር በሶሻሊስትነት ፓርላማ ገባ። ጦርነት አጥብቆ ይጠላ ነበር። መንግሥት ጦርነት ሲነሣ ይታሰሩ ብሎ ካዘጋጀው የስም ዝርዝር ውስጥም ነበረበት። በ1919 ምርጫ ወደቀ። ብዙም ሳይቆይ ከፓርቲው ወጣ፣ ከዚያም ወዲያ የትኛውም ፓርቲ ውስጥ ተመልሶ አልገባም። በ1923 የኦበርቪሊዬ ከንቲባ ሆነ፣ እስከ 1944 ድረስ ያን ወንበር አልለቀቀም። ሥልጣኑ ሁሉ ሲለዋወጥ ያቺ ሰፈር ብቻ አብራው ነበረች።

ፓርቲ የሌለው ሰው ከሁሉም ጋር ይነጋገራል። ስሙ በላቲን ፊደል ከግራም ከቀኝም ሲነበብ ያው ላቫል ነው፣ በዘመኑም ይህን እያነሡ ያወሩበት ነበር። የሥራ ሚኒስትር በነበረበት በ1930 የሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ሥራ ላይ እንዲውል ካደረጉት አንዱ ነው። ተጣልተው የመጡትን አሠሪና ሠራተኛ እየለያየ ያነጋግር ነበር። ለዚህኛው በጆሮው አንድ ነገር፣ ለዚያኛው በጆሮው ሌላ ነገር ይል ነበር። ሁለቱም የፈለጉትን የሰሙ መስሏቸው ይወጡ ነበር። በ1931 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በዚያው ዓመት በርሊንም ዋሽንግተንም ሄደ፣ የአሜሪካው ታይም መጽሔት የዓመቱ ሰው ብሎ መረጠው። ጋዜጣና ሬዲዮ ጣቢያ ነበረው፣ የተወለደበትን መንደር ግንብ ቤትም ገዝቶ ገባበት። ነጭ ክራቫት ሳያደርግ አይታይም ነበር።

ይህን ሁሉ የምለው ሰውየውን ለማሳመር አይደለም። ሰላም ይወድ ነበር። ከልቡ ይወድ ነበር። በድርድር የማይፈታ ነገር የለም ብሎ ያምን ነበር፣ በሕይወቱም ብዙ ነገር በድርድር ፈትቷል። እኔም በሰፈሬ የምታወቀው በዚሁ ነው። ሰዎች ሲጣሉ እኔን ነው የሚጠሩት።

የገና ዋዜማ፣ ሮም

በኦክቶበር 1934 የፈረንሣይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሉዊ ባርቱ ማርሴይ ላይ ከዩጎዝላቪያው ንጉሥ አሌክሳንደር ጋር አብረው ተገደሉ። ላቫል በቦታቸው ተተካ። ሂትለር ሥልጣን ከያዘ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ፈረንሣዮች ፈርተዋል። ባለፈው ክረምት የኦስትሪያው መሪ በናዚዎች ሲገደል ሙሶሊኒ ወታደሩን ወደ ኦስትሪያ ጠረፍ አስጠግቶ ነበር። ላቫል ይህን አየ። ጣሊያንን ወዳጅ ካደረግሁ ጀርመን አይደፍረንም አለ። ሐሳቡ የእብድ ሐሳብ አልነበረም። ብዙ ፈረንሣዊ እንደዚያው ያስብ ነበር።

ወዲህ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 26 ቀን 1927 ኦጋዴን ውስጥ ወልወል ላይ በእኛና በጣሊያን ወታደሮች መሀል ደም ፈስሷል። በፈረንጅ ዲሴምበር 5 ቀን 1934 ማለት ነው። ኢትዮጵያ ጃንዋሪ 3 ቀን 1935 አቤቱታዋን ለመንግሥታት ማኅበር በይፋ አቀረበች። ላቫል በማግስቱ ሮም ገባ።

ጃንዋሪ 6 ማታ ፓላዞ ፋርኔዜ በሚባለው የፈረንሣይ ኤምባሲ ግብዣ ነበር። ለእኛ ቀኑ ታኅሣሥ 28 ነው። እዚህ ሰዉ ቤተ ክርስቲያን ሊያድር ነጠላውን አጣፍቶ በሚወጣበት ምሽት ላቫልና ሙሶሊኒ ከግብዣው ገለል ብለው ለብቻቸው አወሩ። ምስክር የለም፣ ቃለ ጉባኤም የለም። በማግስቱ፣ በገና ዕለት፣ ስምምነቱ ተፈረመ።

በግልጽ የተጻፈው ለሁሉም ታወቀ። ፈረንሣይ ከቻድ በኩል 114,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ በረሃ ለጣሊያኗ ሊቢያ ሰጠች። ከጅቡቲ ቅኝ ግዛቷ ትንሽ ቁራሽ መሬትና የዱሜራን ደሴት ጨመረች። ቱኒዚያ ውስጥ ስላሉ ጣሊያኖችም ተስማሙ። በግልጽ ካልታወቀው ውስጥ ደግሞ የጅቡቲ አዲስ አበባ ምድር ባቡር 2,500 አክሲዮን አለበት። አንድ ምስጢራዊ ደብዳቤም አለ። ፈረንሣይ በኢትዮጵያ ውስጥ ከባቡሩ በቀር የኢኮኖሚ ጥቅም እንደማትፈልግ፣ ለጣሊያን እንደምትተውላት ይላል።

ደብዳቤው ስለ ኢኮኖሚ ነው የሚያወራው። ለብቻቸው ሲሆኑ ግን ላቫል አንድ ተጨማሪ ቃል አወጣ። በኢትዮጵያ በኩል እጅህ ነፃ ነው የሚል ቃል። በእኛ አነጋገር፣ እጅህን የሚይዝህ የለም።

እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ተነሣሁ። ውሃ ጠጣሁ። ተመልሼ ደግሜ አነበብኩት።

ቆየት ብሎ፣ ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ፣ ሁለቱ ሰዎች በዚሁ ቃል ተጨቃጨቁ። በ1935 ማብቂያና በ1936 መጀመሪያ ደብዳቤ ተጻጻፉበት። ሙሶሊኒ ነፃ እጅ ሰጥተኸኝ ነበር አለ። ላቫል ስለ ኢኮኖሚና ስለ ሰላማዊ መንገድ ነው ያወራሁት፣ ጦርነት በል አላልኩህም አለ። የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ያን ማታ በትክክል ምን እንደተባለ ይከራከራሉ።

ብዙ አሰብኩበት። ክርክሩ የተሳሳተ ቦታ ላይ ያለ መሰለኝ። ላቫል ጠበቃ ነው። ቃል ሁለት ትርጉም ሲኖረው የሚያውቅ ሰው ነው፤ እንጀራው ይህ ነበር። ሙሶሊኒ ምን እንደሚፈልግም ያውቅ ነበር። ወልወል ከሆነ ገና አንድ ወሩ ነው። የላላ ቃል የሰጠው ጠንካራውን ቃል ማለት ስላፈረ ነው። «አትንካት» ቢል ወዳጅነቱ ይቀርበታል። «ውረራት» ቢል ኅሊናውም ማኅበሩም አለ። ስለዚህ መሀል ላይ ያለ፣ ሁለቱንም የሚችል ቃል መረጠ። ሰሚው ይተርጉመው ብሎ።

ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። ያን ማታ በሩ ላይ ለሰውየው ምን እንዳልኩት ደጋግሜ አስታውሻለሁ። «በስምምነት» የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። በማግስቱ ሰው ሁሉ ሲያየኝ ነው የጨመርኩት። ከዚያም ለሚስቴ ነገርኩ፣ ለወንድሜ ነገርኩ፣ በነገርኩ ቁጥር «በስምምነት» እየጠነከረ ሄደ። አሁን ስነሣና ስቀመጥ የሚሰማኝ የዚያ ቃል አለመኖር ነው።

በአክሱምና በአድዋ መሀል

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላል የእኛ ሰው። ላቫል በ1935 ሙሉውን ዓመት ሁለት ዛፍ ሲወጣ ነው የከረመው። በአንድ እግሩ ሮም፣ በሌላው ለንደን። እንግሊዝ ከሌለች ፈረንሣይ ብቻዋን ናት። ጣሊያን ካኮረፈች ወደ ሂትለር ትሄዳለች። በጁን ወር የፈረንሣዩ ጄኔራል ጋምላንና የጣሊያኑ ማርሻል ባዶሊዮ ጀርመንን አብረው ስለሚመክቱበት መንገድ ተፈራረሙ። ያው ባዶሊዮ በኖቬምበር ኤርትራ ገብቶ በእኛ ላይ የዘመተውን ጦር ተረከበ።

በሴፕቴምበር ጄኔቫ ላይ ላቫል ቆሞ ፈረንሣይ ለማኅበሩ ቃል ኪዳን ታማኝ ናት ብሎ ተናገረ። ከዚያ ንግግር ጥቂት ቀደም ብሎ ግን ከእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከሳሙኤል ሆር ጋር፣ ምንም ቢመጣ ከጣሊያን ጋር እንዳይዋጉ፣ የስዌዝ ቦይንም እንዳይዘጉ ተስማምተው ነበር። ይህን ኋላ በፓርላማ ራሱ ተናግሮታል። በጅቡቲ በኩል ለኢትዮጵያ የሚመጣው መሣሪያም ይደናቀፍ ነበር። በ1923 ኢትዮጵያ ማኅበሩ ውስጥ ትግባ ብላ የደገፈችው ፈረንሣይ ነበረች። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ኦክቶበር 3 ወረራው ተጀመረ። ኖቬምበር 18 ማዕቀቡ ሥራ ላይ ዋለ። ነዳጅ ግን አልተከለከለም። የነዳጁን ነገር ለመነጋገር ዲሴምበር 12 ቀጠሮ ተይዞ ነበር። ኋላ ሙሶሊኒ፣ ነዳጁ ተከልክሎ ቢሆን በሳምንት ውስጥ ለመውጣት እገደድ ነበር ብሎ ለሂትለር መናገሩን የሂትለር አስተርጓሚ ጽፏል። ላቫል ይህ ቀን ሳይደርስ ነገሩን በሽምግልና ሊጨርስ ቸኮለ።

ዲሴምበር 6 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ጃንሆይ እዚያው ነበሩ። መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ሲተኩሱ የሚያሳየውን ፎቶ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቀይ መስቀል የተሰቀለበት ሆስፒታልም ተመታ። በእኛ አቆጣጠር ያ ቀን ኅዳር 26 ቀን 1928 ነው። ወልወል በሆነ ልክ በዓመቱ። በማግስቱ ሳሙኤል ሆር ለእረፍት ወደ ስዊዘርላንድ ሲሄድ ፓሪስ ወረደና ላቫል ቢሮ ገባ። ሁለት ቀን ካርታ ላይ አጎንብሰው ዋሉ። ዲሴምበር 8 ተስማሙ።

የዕቅዱን ዝርዝር ሳነብ ያሰብኩት መሬቱ ስንት ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው የሚለውን አልነበረም። ቁጥሩ ያደክማል። በሰሜን ምሥራቅ ትግራይ ለጣሊያን ይሄዳል። በምሥራቅ ከኦጋዴን ይቆረሳል። ደቡቡ በስም የኢትዮጵያ ሆኖ ጣሊያኖች የሚሰፍሩበትና የሚነግዱበት ይሆናል። ዓይኔ የቀረው ሰሜን ላይ ያለችው አንዲት መስመር ላይ ነው። መስመሯ በአክሱምና በአድዋ መሀል ታልፋለች። አክሱም ለኢትዮጵያ፣ አድዋ ለጣሊያን።

ያን መንገድ በሚኒባስ ሄጄበታለሁ። ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። አንዱ ከተማ ተሳፍረህ ወሬህን ሳትጨርስ ሌላው ላይ ትወርዳለህ። አንዲት እናት ከአድዋ ተነሥታ ጽዮንን ለመሳለም በእግሯ ደርሳ የምትመለስበት ነው። ፓሪስ ላይ ያንን መስመር ያሰመረው እጅ ሁለቱም የሚፈልጉትን ያውቃል። ለኢትዮጵያ ታቦቷ፣ ለጣሊያን የ1888ቱ ቁስሏ። ለሁለቱም አንዳንድ። እንዲህ ያለ ማካፈል ጎበዝ ሽማግሌ የሚያሰኝ ነው። ያሰመረው ሰው ግን ከሁለቱም የአንዱንም አፈር ረግጦ አያውቅም።

ኢትዮጵያ ለዚህ ምትክ የባሕር በር ታገኛለች ተባለ። አሰብ፣ ከጠባብ መተላለፊያ ጋር። በመተላለፊያው ላይ የባቡር ሐዲድ እንዳይዘረጋ የሚል ሐሳብም ነበረ። የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ በርዕሰ አንቀጹ የግመል መተላለፊያ ብሎ ጠራው። ላም አለኝ በሰማይ የምንለው ነው። ላሚቱም ብትኖር ወተቷ አይታለብም።

ዕቅዱ በቀናት ውስጥ ፓሪስ ጋዜጦች ላይ ወጣ። እንግሊዝ አገር ሕዝቡ ተቆጣ፣ ሆር ዲሴምበር 18 ከሥልጣን ወረደ። ኢትዮጵያ አልቀበልም አለች። ላቫል ከፓርላማው ክርክር በጥቂት ድምፅ ተረፈ፣ ግን ጃንዋሪ 22 ቀን 1936 እሱም ለቀቀ። ነዳጁ ግን ሳይከለከል ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ፈረንሣዊ ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። ጋስቶን ዤዝ ይባላሉ። ፓሪስ የሕግ ፕሮፌሰር ነበሩ። ጄኔቫ ላይ የኢትዮጵያ ጠበቃ ሆነው ቆሙ። በዚህ ምክንያት በ1936 መጀመሪያ ቀኝ አክራሪ ተማሪዎች ከእርስዎ አንማርም አሉዋቸው። በክፍላቸው ጮኹባቸው፣ ትምህርቱ ተቋረጠ፣ የሕግ ፋኩልቲው እስከ መዘጋት ደረሰ። ሰውየው ኢትዮጵያን አልተዉም። እማማ «ከራስህ ቆርሰህ» ሲሉኝ ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ እሳቸውን ሳነብ ነው። እሳቸው የከፈሉት ከራሳቸው ወንበር ነው፣ ከራሳቸው ስምና ሰላም ነው። አገራችን ውስጥ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል።

ማን ከፈለ?

ላቫል የገዛው ወዳጅነት ሁለት ዓመትም አልቆየም። በኖቬምበር 1936 ሙሶሊኒ አክሲስ ስለተባለው የሮምና የበርሊን ወዳጅነት ተናገረ። በማርች 1938 ሂትለር ኦስትሪያን ሲውጥ ሙሶሊኒ ዝም አለ። ያ የኦስትሪያ ጠረፍ ነበር የነገሩ ሁሉ መነሻ። በኖቬምበር 1938 የጣሊያን ፓርላማ አባላት ተነሥተው ቱኒዝ፣ ኮርሲካ፣ ኒስ፣ ጅቡቲ እያሉ ጮኹ። ከሳምንታት በኋላ የሮሙ ስምምነት አይሠራም ተባለ። ጁን 10 ቀን 1940 ጣሊያን በፈረንሣይ ላይ ጦርነት አወጀች።

ከላቫል በኋላ የመጡትም አላዳኑንም፣ ይህም መነገር አለበት። ዕቅዱን በፓርላማ ያወገዘው ሌዮን ብሉም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ነው ማዕቀቡ በጁላይ 1936 የተነሣው። ግን ስለ ሌሎቹ ሌላ ቀን እጽፋለሁ። እኔን የያዘኝ ላቫል ከዚያ ወዲያ የሆነው ነው።

ጀርመን ፈረንሣይን ስታሸንፍ ተመለሰ። ጁላይ 10 ቀን 1940 ቪሺ በምትባለው ከተማ ፓርላማው ሥልጣኑን ሁሉ ለማርሻል ፔታን እንዲያስረክብ ያግባባው እሱ ነው። ከየወንበሩ እየዞረ፣ ለእያንዳንዱ በጆሮው እየነገረ። 80 ሰዎች ብቻ እምቢ አሉ። በዲሴምበር ፔታን ራሱ አባረረው፣ በአፕሪል 1942 ጀርመኖች አስመለሱት። በጁን ሬዲዮ ላይ ቀርቦ የጀርመንን ድል እመኛለሁ አለ።

ከዚያ ጀርመኖች አይሁዶችን ጠየቁት። ያደረገው ያንኑ የለመደውን ነው። ተደራደረ። የፈረንሣይ ዜጋ የሆኑትን ተዉልኝ፣ የውጭዎቹንና አገር የሌላቸውን ውሰዱ አለ። ጁላይ 16 እና 17 የፈረንሣይ ፖሊስ ፓሪስ ውስጥ ቤት ለቤት እየገባ 13,000 ያህል ሰው ለቀመ። ከ4,000 በላይ ሕፃናት ነበሩ። ጀርመኖች በመጀመሪያ ሕፃናቱን አልጠየቁም ነበር። ከ16 ዓመት በታች ያሉትም ከወላጆቻቸው ጋር ይሂዱ ብሎ ሐሳብ ያቀረበው ላቫል ነው።

እዚህ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆሜያለሁ። ከአክሱምና ከአድዋ መሀል መስመር እስከዚህ ምን ያህል መንገድ ነው? ሰባት ዓመት። በሁለቱም ቦታ ያው ሰው ያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ያው ስሌት ነው፦ ትልቁን ለማዳን ትንሹን ስጥ። ያ ትንሽ የተባለው ግን የእሱ ሆኖ አያውቅም። አንዴ የሌላ ሰው አገር ነው፣ አንዴ የሌላ ሰው ልጅ ነው። ኢትዮጵያን በሰጠ ጊዜ ከሥልጣኑ ወረደ እንጂ ማንም «አንተ ሰው፣ ይህ ያንተ ነው ወይ?» ብሎ አንገቱን አልያዘውም። ያን ጊዜ የተያዘ ቢሆን ኖሮ ብዬ አስባለሁ። መልስ የለኝም።

በ1945 ወደ ስፔን ሸሽቶ ነበር፣ መልሰው ሰጡት። በኦክቶበር ፍርድ ቤት ቀረበ። ፍርዱ የተቻኮለና ጩኸት የበዛበት ነበር፣ ለጠላትም ቢሆን እንደዚያ መሆን አልነበረበትም። እሱ እስከ መጨረሻው አገሬን ከባሰ ነገር ለማዳን ነው ይል ነበር። ኦክቶበር 15 ጠዋት ሊረሽኑት ሲመጡ መርዝ ጠጥቶ አገኙት። ሐኪሞች ሆዱን አጥበው አተረፉት፣ ከዚያ ፍሬን እስር ቤት ግቢ ውስጥ በጥይት ተገደለ። ያን ቀንም ነጭ ክራቫቱን አድርጎ ነበር።

ገና

ዘንድሮ በገና ማግስት ድፎ ዳቦ ይዤ እማማ ቤት ሄድኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ብቻዬን ቤታቸው ገብቼ አላውቅም ነበር። ግንቡ አልቋል። ቀድሞ ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አሁን ብሎኬት ነው የሚያየው። ጤና አዳማቸው የነበረበት ቦታ ከግንቡ ሥር ቀርቷል። ነቅለው አፉ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ተክለው ደጃፉ ላይ አድርገውታል። ሥሩ ተጎድቶ ነበር አሉኝ፣ አሁን ይዟል።

ቡና አፈሉ። አቦሉን ዝም ብለን ጠጣን። ስለ ልጆቻቸው ጠየቅኋቸው፣ ስለ እግራቸው ሕመም ነገሩኝ። ቶናው ላይ ሲደርስ አላስቻለኝም።

«እማማ፣ ያን ማታ በሩ ላይ ያልኩትን ልንገርዎት» አልኳቸው። ቃሉን እንዳለ ነገርኳቸው። አንተው ጨርስ። እጅህን የሚይዝህ የለም። «በስምምነት» የምትለዋን አልጨመርኳትም።

ጀበናውን ማቶቱ ላይ አስቀመጡ። ወዲያው አልመለሱልኝም። ወጣ ብለው ከጀሪካኑ አንድ ቅርንጫፍ ጤና አዳም ቆርጠው መጡና ሲኒዬ ውስጥ ጣሉልኝ።

«ፍርድ ቤት ስትጠራም እንደዚሁ ትለዋለህ?»

«እለዋለሁ» አልኳቸው።

ቀጠሮው ለጥር 20 ነው።